የምራቂው ወንበር

ብቸና ውስጥ ታዘበው አናጢውን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት በደጀን በኩል የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ ደግሞ በዕድሜው ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። እንዲህ የሚለው ራሱ ታዘበው ነው። ብሎም አያበቃም፤ "ታዲያ የሚያውቁኝ በወንበሬ እንዳይመስልህ፣ በእግሬ ነው" ብሎ የሰቀለውን ስሙን መልሶ ያወርደዋል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የሰለለ ነው። ገና ድክ ድክ ሲል ፖሊዮ ያዘው፤ እናቱ ከጸበል ጸበል ይዛው ዞረች፤ ልጁ ተርፎ አደገ፣ እግሩ ግን የዚያን ጊዜው ልጅ እንደሆነ ቀረ።

በዚህ እግር እሱ ራሱ ሲቀልድበት ለጉድ ነው። አልጋው ተወደደብኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣበት፣ "የሚያነክሰው አናጢው ነው እንጂ አልጋው አይደለም፤ የምትከፍለው ለዚያ ነው" ይለዋል። ሌላ ሰው ሲያዝንለት ግን ደሙ ይፈላል። "አረፍ በል እንጂ ታዘበው" ያለው ሰው ካለ፣ "እኔ ወንበር እሸጣለሁ እንጂ አልቀመጥም" ብሎ ምርኩዙን ጨብጦ ቀጥ ይላል። የሚሠራው ቆሞ ነው፤ ዋጋ የሚከራከረው ቆሞ ነው፤ ልቅሶ ቤት እንኳ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ነው የሚያለቅሰው። ማታ ቤቱ ሲገባ እግሩ እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዘዋል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ አየሁሽ ብቻ ናት፤ እሷም ማወቋን አታስነቃበትም።

የተወለደው ደብረ ወርቅ አጠገብ ካለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው። አባቱ ልጃቸው ሞፈር ተከትሎ ማረስ እንደማይችል ሲገባቸው፣ "እንግዲያው መቋሚያ ይደገፍ" ብለው የኔታ ገብረ ክርስቶስ ዘንድ አስገቡት። ንባቡን ወጣው። ዜማው ላይ ግን ጉድ ፈላ፤ ድምፁ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ነበር። የኔታ ብዙ ታገሡት። ልጁ ከዜማው ይልቅ የተሰበረውን አትሮንስ ሲጠጋግን ደስ ሲለው ባዩ ጊዜ፣ "ልጄ፣ እግዚአብሔር በአፍህ ከሚመሰገን በእጅህ ቢመሰገን ሳይሻለው አይቀርም" ብለው አሰናበቱት። ከዚያ ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር በብራና መጻሕፍቱ ራስጌ ያየው የሐረግ ጌጥ ነው። ሐረጉ ሲጠማዘዝ፣ ሲቆላለፍና ሲፈታ እያየ የዋለበት ጊዜ ከዓይኑ ጠፍቶ አያውቅም።

ብቸና መጥቶ ጋሽ አካለ ወልድ የሚባሉ አናጢ እጅ ገባ። አልጋውን፣ ሣጥኑን፣ በሩን ተማረ፤ ከሁሉም በላይ ግን ምራቂ መስጠት ተማረ። ጋሽ አካለ ወልድ ዘንድ ገዢ ባዶ እጁን አይወጣም ነበር። አልጋ ለገዛ ዱካ፣ ጠረጴዛ ለገዛ መክተፊያ፣ ሌላው ቢቀር ለገዢው ልጅ እሽክርክሪት ይጨመርለታል። ዋጋ ላይ እንደ ባላጋራ ይከራከራሉ፤ ሂሳቡ ካለቀ በኋላ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ነገር ይዘው ይወጡና "ይኼ ደግሞ ምራቂ" ይላሉ። ታዘበውን ሲያስተምሩትም፣ "ሰውዬው የገዛውን ዕቃ ቤቱ ሲያስገባ ይረሳሃል፤ ዱካው ላይ ቁጭ ባለ ቁጥር ግን ያነሣሃል" ይሉት ነበር።

ከሳቸው ሲወጣ ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር ሸራ ወጥሮ የራሱን ሥራ ጀመረ። ከአሥር ዓመት በላይ እዚያው ነበር። የብቸናን ክረምት ያየ ያውቀዋል፤ ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲጠግብ ጫማ ይውጣል። ሰው ሁሉ አንድ እግሩን ሲነቅል ሌላው ይሰምጥበታል፤ ታዘበው የሚነቅለው ደግሞ ምርኩዙን ጨምሮ ሦስት ነው። አንድ ሐምሌ ላይ የሰው በር ተሸክሞ ሲሻገር በሩን እንደያዘ ጭቃው ላይ ተዘረረ። ገበያተኛው ሊያነሣው ሲሮጥ፣ "በሩን አንሡ፣ በሩን! እኔን የገዛኝ የለም!" ብሎ ጮኸባቸው። ይህን ታሪክ ሲያወራ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። የዚያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ጭቃውን ሲታጠብ ማልቀሱን ግን አይጨምርበትም።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምህረት ጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት "ተደራጁ፣ መሥሪያ ሼድ እንሰጣለን" ብሎ ሲለጥፍ፣ ታዘበው ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ ሆነ። አምስት ሰው ይፈለግ ነበር። እሱ፣ አየሁሽ፣ የአየሁሽ ወንድም ፋንታና ሁለት ወጣት አናጢዎች ተደራጁ። ስም አውጡ ሲባሉ ሁሉም "አንድነት"፣ "ዕድገት" እያሉ ሲያስቡ፣ እሱ "ቀጥ ያለ የእንጨት ሥራ ማኅበር" ይባል አለ። መዝጋቢው ቀና ብሎ ሰውዬውንም ምርኩዙንም አየና ሳቁን ዋጠ። ታዘበው የፈለገውም ይህንኑ ነበር፤ ከሌላው በፊት ራሱ ሳቀ።

ሼዱ የቆርቆሮ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ በበጋ የሚጋግር፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያደነቁር ነገር ነው። ወለሉ ግን ሲሚንቶ ነው። ቁልፍ በተረከቡበት ቀን ሌሎቹ ስለ መብራቱና ስለ በሩ ሲያወሩ፣ ታዘበው ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ሄደ፤ ዞሮ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ። የሚሰምጥ ነገር የለም። የሚንሸራተት ነገር የለም። እግሩን ሲያሳርፍ መሬቱ ባለበት ይጠብቀዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም እንዲጠርገው አይፈቅድም፤ ራሱ ነው የሚጠርገው። አየሁሽ "እኔን እንኳ ያን ያህል ዓይተኸኝ አታውቅም" ትለዋለች፤ እሱም "አንቺ መች ለጥ ብለሽ ታውቂያለሽ?" ይላል።

ታዲያ ሼዱ የነጻ አልነበረም። ምናለ የሚባል የጥቃቅንና አነስተኛ ባለሙያ ነበር፤ ቅን ልጅ ነው፣ ግን ደንብ ደንብ ነው የሚል። መጥቶ ቁጭ አለና፣ "ጋሽ ታዘበው፣ ሼዱ የተሰጠው ለመንግሥት ጨረታ እንድትበቁ ነው። እስከ ሰኔ ድረስ አንድ ውል ፈጽማችሁ የርክክብ ማስረጃ ካላመጣችሁ ለሌላ ማኅበር ይሰጣል። ተራ የሚጠብቁ ሞልተዋል" አለው። ታዘበው ቀና ብሎ ጣሪያውን አላየም። ያየው ወለሉን ነው።

ጨረታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ መስሎት ነበር። የመጀመሪያው እዚያው ብቸና ለአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ማቅረብ ነው። ዋጋውን ሲሞላ ገበያ ላይ እንደለመደው አደረገ፤ ተከራክረው የሚያወርዱትን አስቦ እጥፍ አድርጎ ጻፈ። ፖስታው ተከፍቶ ዋጋው ተነበበ። ታዘበው "ቀንስ" እስኪሉት ጠበቀ። ማንም ሳይለው የሚቀጥለው ፖስታ ተነሣ።

"ኧረ ቆዩ እንጂ!" አለ ከኋላ ቆሞ። "ገና መች ተከራከርንና ነው?"

"ጨረታ ላይ ክርክር የለም" አለው አንባቢው።

"ያለ ክርክር እንዴት ተደርጎ ነው ዕቃ የሚገዛው? ሚስቴ ሽንኩርት እንኳ ሦስቴ ሄዳ ተመልሳ ነው የምትገዛው። በሉ እሺ፣ ግማሹን ቀንሻለሁ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ታዘበውም አብሮ ሳቀ፤ ሌላ ምን ያድርግ። አየሁሽ ግን ታሪኩን ስትሰማ በሽንኩርቱ መነሣቷ ብቻ ነው የከነከናት።

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። ማስታወቂያው "በሰም በታሸገ ፖስታ" ይላል። ሌላው ሰው ፖስታውን አጣብቆ፣ ማኅተሙን ረግጦበት ያስገባል። ታዘበው ግን የቤተ ክህነት ልጅ ነው፤ ሰም ከተባለ ሰም ነው። ቀፎ ካለው ጎረቤት ማሩ በደንብ ያልወጣለት ሰፈፍ ለምኖ አቀለጠና የፖስታውን አራቱንም ጠርዝ ለበጠው። አምሮበት ነበር። የጨረታው ሣጥን በሚከፈትበት ቀን ግን ከፖስታዎቹ በፊት የወጣው ጉንዳን ነው። ከሞጣ የመጣ ገብረ ኪዳን የሚባል፣ በየጨረታው የማይጠፋ ትልቅ ነጋዴ አለ፤ እሱ እንኳ ሙሉ ልብሱን እያራገፈ ወንበር ላይ ወጣ። የታዘበው ፖስታ ከሌሎች ፖስታዎች ጋር ተጣብቆ ስለተገኘ ጨረታው በሙሉ ተሰረዘ። ማታውን አየሁሽ፣ "ዋጋህስ እንዴት ነበር?" ስትለው፣ "ጉንዳኖቹን ጠይቂ፣ ያነበቡት እነሱ ናቸው" አላት።

ያን ጊዜ ነው አየሁሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እግሩ በግልጽ የተናገረችው። "ከአካል ጉዳተኞች ማኅበር ደብዳቤ ብታመጣ ይረዱሃል፤ መብትህ ነው እኮ። ሰኔ መጣ።"

"እግሬን ጨረታ አላስገባም" አለ ታዘበው። በዚያ ድምፅ ሲናገር መልስ እንደማይሰጠው ስለምታውቅ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ምናለ አዘነለትና ሰነዱን አብሮት ይሞላ ጀመር። በሁለት ሺህ ስድስት መጋቢት ላይ ሞጣ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለትምህርት ቤት ስድሳ ዴስክ የሚያቀርብ ፈለገ። ጥቃቅኖች በማስያዣ ፋንታ የጽሕፈት ቤቱን ደብዳቤ ማቅረብ ይችላሉ ተባለ። ዋጋው የመጨረሻ ዋጋ ሆኖ ተጻፈ፤ ፖስታውም በተራ ማጣበቂያ ታሸገ። አሸነፉ። ታዘበው ዜናውን ሲሰማ ለምናለ፣ "እርግጠኛ ነህ? ገብረ ኪዳን ታሞ ነው ወይስ ሰርዘውት ነው?" ብሎ ነው የጠየቀው።

ሠሩ። አምስቱም ሌላ ሥራ ትተው ሠሩ። ዴስኮቹን እያንዳንዳቸውን ሲሚንቶው ላይ አስቀምጦ በአራቱም ጠርዝ እየተጫነ ሞከረ፤ አንድም የሚወዛወዝ የለም። ሥራው ሊያልቅ ሲል ግን አንድ ሐሳብ እረፍት ነሣው። ስድሳ ዴስክ! በዕድሜው ያን ያህል የገዛው ሰው የለም። እንዲህ ያለ ገዢ በምን ይመረቅለታል?

"ለመንግሥት ምራቂ?" አለች አየሁሽ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ይዛ ቆማ።

"ምነው? መንግሥት ገዢ አይደለም? አንድ አልጋ ለገዛ ዱካ እየሰጠሁ፣ ስድሳ ዴስክ የገዛውን ባዶ እጁን ልሸኘው? ጋሽ አካለ ወልድ ከመቃብር ይነሡብኛል።"

"እኔ እንጃ፤ መንግሥት ምራቂ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።"

"የሚጠየቅ ከሆነማ ምራቂ አይደለም" አላት። ያስቀመጠው የዋንዛ እንጨት ነበር። ዱካ ስላነሰበት ባለ መደገፊያ፣ ባለ ክንድ ወንበር ሠራ። መደገፊያው ላይ ደብረ ወርቅ ያየውን ሐረግ በመሮ ፈለፈለ፤ ተጠማዝዞ፣ ተቆላልፎ፣ ከላይ የሚፈታ ሐረግ። ያማረ ነገር እንደሠራ አወቀ። ለመቀመጥ ግን ሐሳቡም አልመጣለትም፤ ፋንታን አስቀምጦ ነው የሞከረው።

ዴስኮቹ በአይሱዙ ተጭነው፣ በኮረኮንቹ መንገድ ሲንገጫገጩ ሞጣ ደረሱ። የተቀበለቻቸው ምስራቅ የምትባል የንብረት ክፍል ኃላፊ ናት፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ለቀልድ ጊዜ የሌላት ሴት። ዴስኮቹን አንድ በአንድ አይታ፣ ገፍታ፣ ሞክራ ጨረሰች። "ጥሩ ነው" አለች። ከሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር መሆኑ ያስታውቅ ነበር። እስክሪብቶዋን አውጥታ ልትፈርም ስትል ፋንታ ወንበሩን ከመኪናው አወረደ።

"ይኼስ?"

"ምራቂ ነው" አለ ታዘበው፣ ፊቱ በርቶ።

"የምን ምራቂ?"

"የስድሳው ዴስክ ነዋ።"

"ውሉ ላይ ወንበር የለም።"

"እሱማ አይኖርም። ምራቂ ውል ላይ አይገባም፤ ከሂሳቡ በኋላ ነው።"

"ገቢ ሳደርገው ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግበው? ያልተገዛ ዕቃ መጋዘን አይገባም።"

"ምን መመዝገብ ያስፈልጋል እህቴ? ዝም ብላችሁ ተቀመጡበት።"

ይህን ሲል ምስራቅ ትኩስ ነገር እንደነካት ሁሉ ወደ ኋላ አለች። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ስለ ሙስና የተለጠፈ ትልቅ ማስታወቂያ ነበር። ታዘበው ያየው ያን ጊዜ ነው፤ አንብቦ ሳይጨርስ ምን እንደሠራ ገባው። "ርክክቡ ይቆያል" አለችና እስክሪብቶዋን ከደነችው።

ያን ቀን ሞጣ አደሩ። ማታውን ምናለ ስልክ ደወለ፤ ወሬው ቀድሞት ብቸና ገብቷል። "ጋሽ ታዘበው፣ ምን ነካዎት! ኪራይ ሰብሳቢ ተብለው ከአቅራቢነት ሊታገዱ ነው። ከታገዱ ሼዱን እኔ ላድነው አልችልም።" ታዘበው ዕድሜውን ሙሉ በኪራይ ቤት የኖረ ሰው ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ይስቅ ነበር። አሁን ግን አልሳቀም። እዚያው ብቸና ከምናለ አጠገብ የነበረችው አየሁሽ ስልኩን ተቀብላ "ወንበሩን መልሰህ አምጣው፣ በቃ" አለችው።

"አሁን ብመልሰው ጉቦ ነበር ማለቴ ነው። ባልመልሰው ደግሞ ተቀበሉ ሊባሉ ነው። አየሽ አየሁሽ፣ መንግሥት ያን ያህል ገዢ ነው፣ ምራቂ የሚቀበልበት እጅ ግን የለውም። ይህን ማን ነገረኝ?"

"እኔ ነግሬህ ነበር" አለች። እውነቷን ነው።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ የግዥ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ያሉት ወንበሮች ሁሉ ተይዘዋል። የዋንዛው ወንበር ብቻ መሐል ላይ ባዶውን ቆሟል፤ የተከሰሰው እሱ ይመስላል። ታዘበው ከወንበሩ አጠገብ ምርኩዙን ተደግፎ ቆመ። ሰብሳቢው አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ጡረታቸው የቀረበ፣ በአገልግሎታቸው ስማቸው እንዳይነሣ የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው። ደንቡን ማንበብ ጀመሩ። ደንቡ ረጅም ነው። ሲያነቡ፣ ሲያብራሩ፣ ተመልሰው ሲያነቡ የታዘበው እግር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ትናንት ሙሉ ቀን ቆሞ ነው ዕቃ ያወረደው። ምርኩዙ ወለሉን ጠክ ጠክ ጠክ ያደርጋል። አጥብቆ ቢይዘውም አልቆም አለ። ተሰብሳቢዎቹ እግሩን አዩና ቶሎ ብለው ዓይናቸውን አሸሹ፤ ይህን አስተያየት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

"እንግዲህ ኮሚቴው ከእርስዎ መስማት የሚፈልገው አንድ ነገር ነው" አሉ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ። "ይህ ወንበር የመጣው ለማን ነው?"

ታዘበው አፉን ከፈተ። ለእርስዎ ቢል ጉቦ ነው። ለምስራቅ ቢል ምስኪኗን ሊያስበላት ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ቢል የማይመዘገብ ዕቃ ነው። ወለሉ ትዝ አለው፤ ጠዋት ጠዋት የሚጠርገው፣ እግሩን ባለበት የሚጠብቀው ሲሚንቶ። ቀጥሎ የመንገድ ዳሩ ጭቃ ትዝ አለው። ምርኩዙ ጠክ ጠክ ይላል።

"የኔ ነው" አለ።

"ምን አሉ?"

"ወንበሩ የራሴ ነው። እግሬ ብዙ መቆም አይችልም። ራቅ ወዳለ አገር ስሄድ ወንበሬን ይዤ ነው የምሄደው።"

ምስራቅ መነጽሯን አስተካከለች። "ትናንት ምራቂ ነው አላሉኝም?"

"ቀልዴን ነበር እህቴ። ስቀልድ ሰው አይገባውም፤ ባለቤቴም ሁልጊዜ ትለኛለች።"

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ወንበሩን አዩ፣ እግሩን አዩ። "ታዲያ እስካሁን ቆመው ለምን ያዳምጡናል? ይቀመጡበት እንጂ።"

ማምለጫ አልነበረም። ታዘበው ምርኩዙን የወንበሩ ክንድ ላይ አስደግፎ፣ ሰው ፊት ተቀመጠ። ወንበሩን የሠራው ደልደል ላለ ባለሥልጣን ነበርና ውጦ አስቀረው። እግሩ ጸጥ አለ። ከወገቡ ጀምሮ ሕመሙ እንደ ውኃ ሲወርድለት ተሰማው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ለማስመሰልም አልነበረም። አፈረ። ይህን ሁሉ ዓመት ጨረታ አላስገባም ያለውን እግሩን በአንዲት ቃል አስገባው። ይበልጥ ያሳፈረው ደግሞ ከተናገረው ውስጥ ውሸቱ የወንበሩ እንጂ የእግሩ አለመሆኑ ነው። ብዙ መቆም አይችልም ነበር። ችሎም አያውቅም።

ለኮሚቴው ግን ፋሲካ ሆነለት። ሁሉም እንደሚዋሽ ያውቃሉ፤ ሁሉም በውሸቱ ደስ አላቸው። "ይኼ ከሆነማ ምን ጉዳይ አለ?" አሉ ሰብሳቢው። "ወንበራቸውን ይዘው በሰላም ይሂዱ።" ምስራቅ ፈረመች። ሼዱ ተረፈ። ወንበሩ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ ሐረጉን ለደብረ ወርቅ እያሳየ፣ ብቸና ተመለሰ። አየሁሽ መናኸሪያው ላይ ስታየው በነጠላዋ አፏን ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። በዓመቱ ሞጣ ሌላ ጨረታ ወጣ። ታዘበው ሊሄድ ሲነሣ አየሁሽ "ወንበርህስ?" አለችው። ደርቆ ቀረ። ያለ ወንበር ቢታይ ውሸቱ ሊወጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ሞጣ በሄደ ቁጥር ባለ ክንዱ ወንበር አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይወጣል። የመኪና ረዳቶቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት "ዙፋኑ መጣ፣ ገመድ አቀብል!" ይላሉ። ታዘበውም፣ "በኢትዮጵያ ታሪክ የራሱን ጉቦ ተሸክሞ የሚዞር የመጀመሪያው ሰው ነኝ" ይላቸዋል። ጨረታ መክፈቻው ላይ ነጋዴዎቹ እነ ገብረ ኪዳን ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፤ እሱ መሐል ላይ ይቀመጣል። አንዳንዱን ያሸንፋል፣ በአንዳንዱ ይሸነፋል። ሲሸነፍም ተቀምጦ ነው የሚሸነፈው፤ ይህም ብዙ እንደሚቀል ደረሰበት። ብቸና ሲመለስ ግን ወንበሩ ሼዱ ጥግ ላይ ጨርቅ ይለብሳል፣ እሱም ቆሞ ይውላል።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ አንድ ቀን፣ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ጨረታው ተከፍቶ ሲያልቅ ምስራቅ ጠራችው። ፋንታ እንደለመደው ወንበሩን ሊሸከም ጎንበስ ሲል ነው።

"ጋሽ ታዘበው፣ ይህን ነገር እስከ መቼ ነው የሚያመላልሱት? እዚህ ይተዉት። መጋዘኑ ጥግ ላይ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ሲመጡ ያወጡልዎታል።"

"መጋዘን ያልተገዛ ዕቃ አይገባም አላልሽም?"

"'የእንግዳ ንብረት' ብዬ እለጥፍበታለሁ።" መነጽሯን አወለቀች። "በማይመጡበት ቀን ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ ሽማግሌ ሲኖር እንዲቀመጥበት ከፈቀዱልኝ።"

ታዘበው የወንበሩን ሐረግ አንዴ በመዳፉ ዳበሰ። እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ብቸና ሲደርስ ሼዱ ውስጥ ሁለት ገዢዎች አልጋ እያዩ ነበር። አየሁሽ ወደ ኋላው ተመለከተች፤ ፋንታ ባዶ እጁን ነው።

"ወንበሩስ? ሸጥከው?"

"ተቀበሉኝ" አለ ታዘበው። "ምራቂውን ተቀበሉኝ፣ አየሁሽ።"

አየሁሽ አልሳቀችም። ለአልጋው ገዢ ምራቂ እንዲሆን የተሠራ ዱካ አጠገቧ ነበር፤ በእግሯ ገፋ አድርጋ ፊቱ አስቀመጠችለትና ወደ ሥራዋ ዞረች። ታዘበው ዱካውን አየ፣ ገዢዎቹን አየ። ምርኩዙን ሲሚንቶው ላይ አጋደመና ተቀመጠ። "በሉ እንግዲህ፣ ስንት ትሰጡኛላችሁ?" አለ ከታች ወደ ላይ እያያቸው። "ብቻ ምራቂው ተይዟል።"